ለይርዳው የተሰገደ ስግደት

በሕማማት ማክሰኞ አይናለም ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር ባለችው ጠባብ የስፌት ክፍሏ ውስጥ፣ ለዳግማ ትንሣኤ የምትዳር ሙሽራ ቀሚስ ላይ ጥለት እየገጠመች ነበር። ስልኳ ጮኸ። አጎቷ አወቀ ነው። አወቀ ከብቱን፣ ዝናቡን፣ የማርቆስን የጤፍ ዋጋ ሳያነሳ ወደ ጉዳዩ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ሰላምታው ብቻ ካርድ ይጨርሳል። ያን ለት ግን፣

«ብቻሽን ነሽ?» አላት።

«ብቻዬን ነኝ ጋሼ። ምነው?»

«መቀስም መርፌም ከእጅሽ ካለ አስቀምጭው።»

አስቀመጠች። ያኔ ነገራት። ታናሽ ወንድሟ ይርዳው ሰኞ ጧት ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ የሚነዳው አይሱዙ ፍሬን አልይዝ ብሎት ገደል ገብቶ ተቃጥሏል። አወቀ ወሬው ደርሶት ወርዶ፣ የቀረውን እዚያው ደጀን ቤተ ክርስቲያን አስቀብሮ መመለሱ ነው።

«የቀረውን» የምትለው ቃል አይናለም ጆሮ ውስጥ ገብታ አልወጣም አለች። የቀረው ማለት ስንት ነው? እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። አልጠየቀችም።

«ለእናትሽ አልተነገረም» አለ አወቀ። «አይነገርምም። ሕማማት ነው፤ ደም ብዛትም አለባት። ከቄስ ወልደ ሩፋኤልም፣ ከሽማግሌዎቹም ተማክረናል። ፋሲካን ትፈስክና ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበን እናረዳታለን። አንች ነገ ነይና ከአጠገቧ ሁኝ። ጆሮዋን ጠብቂ።»

«ጋሼ፣ ልጇ ሞቶ እሷ ዶሮ ትብላ ነው የምትለኝ?»

«አይኔ! ደንብ ነው ያልሁሽ። ደንብ አንች ስትወለጂ ነበረ።»

ስልኩን ዘጋው። መቀሱ ጠረጴዛው ላይ አፉን ከፍቶ ቀረ።

በዚያ አገር ሞት እንዲሁ አይነገርም። መርዶው የሚነገረው ሰው መንገደኛ ከሆነ ቤቱ እስኪገባ፣ በሽተኛ ከሆነ እስኪያገግም፣ አራስ ከሆነች ከአራስ ቤት እስክትወጣ ይደበቃል። ከዚያ በማለዳ፣ ብዙ ሆነው፣ ሐዘንተኛው ራሱን መሬት ላይ ሲጥል የሚይዙት ክንዶች አሰልፈው ይመጣሉ። ደግ ሰዎች ናቸው ያሰቡት፤ ይኼን አይናለምም አትክድም። ነገር ግን እሷ ከዚህ ደግነት አንድ ጊዜ ቀምሳለች። አባቷ የሞተ ጊዜ ማርቆስ ተማሪ ነበረች። «ትንሽ አሞታልና ነይ» ብለው ጠሯት። አውቶቡስ ላይ ሸንኮራ እየመጠጠች፣ ከአጠገቧ ከተቀመጠች ልጅ ጋር እየተሳሳቀች ሄደች። መናኸሪያ ስትወርድ ጥቁር የለበሱ ሴቶች እሪ ብለው ተቀበሏት። እስከ ዛሬ ሸንኮራ አፏ አይገባም። የአባቷ ሐዘን ሳይሆን ያ ሳቅ ነው የሚያንገበግባት።

ሮብ ጧት ሚኒባስ ተሳፍራ ሮብ ገበያ ከተማ ወረደች፤ ከዚያ በእግሯ ወደ መንደሩ ወጣች። የጮቄ ተራራ ብርድ በሚያዝያም ቢሆን አይምርም። ከእናቷ ደጅ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው አጥሩ ላይ የተዘረጋ ጋቢ ነው። የይርዳው ጋቢ። ታጥቦ ነጥቷል።

ደብሪቱ ልጇን ስታይ ብድግ አለች። ሕማማት ነውና አልተሳሳሙም፤ ሰላምታም የለ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ብቻ ፈገግ አለችላት።

«ፋሲካ ሳይደርስ ደረስሽ? ሥራ ጠፋ?»

«ላግዝሽ ብዬ ነው እማ።»

«ላግዝሽ!» አለች ደብሪቱ። «ባለፈው ዓመት ቅዳሜ ማታ መጥተሽ ነጭ ሽንኩርት እንኳ አልላጥሽም። ይርዳው ደውሎልሻል?»

«ኔትዎርክ የለም እማ።»

«አንች ጋ የለም፣ እኔ ጋ የለም። ይኼ ኔትዎርክ የሚሉት ታዲያ የት አገር ነው የሚኖረው?»

አይናለም ሳቀች። ሳቋ ከአፏ ሲወጣ የሸንኮራውን ጣዕም አመጣባት።

የመንደሩ ሴቶች ምሥጢር በመጠበቅ የተመሰከረላቸው አይደሉም። ዝም ማለቱን ቻሉት፤ ፊታቸውን ግን ማን ይያዝላቸው? አንዷ በአጥር በኩል አልፋ ቆማ ታያለች፤ ሌላዋ ያለ ወትሮዋ ውሃ ቀድታ ታመጣለች። ሐሙስ ለት ጎረቤታቸው ማሬ ጉልባን በሳሕን ይዛ ገባች። ዓይኗ ፍም መስሏል።

«ምነው ማሬ፣ አለቀስሽ?» አለቻት ደብሪቱ።

«ጭስ ነው እቴ። የጉልባኑ ጭስ።»

«የዘንድሮ ባቄላ እንዲህ ይጨሳል?» አለች ደብሪቱና ሳሕኑን ተቀበለች። ማሬ ሳትቀመጥ ወጣች። ደብሪቱ በሩን ለረዥም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ አይናለም ዞረች፤ አንድ ነገር ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ስንዴና ባቄላውን በጣቷ እየለቀመች በላች።

ያን ለት ከሰዓት ካህናቱ በጸሎተ ሐሙስ ሥርዓት የሕዝቡን እግር አጠቡ። ቄስ ወልደ ሩፋኤል፣ ደብሪቱን ያጠመቋት ካህን ልጅና ዛሬም የነፍስ አባቷ፣ ተራዋ ሲደርስ እግሯን አጠበላት። አንድ ጊዜም ቀና ብሎ አላያትም።

ዓርብ ስቅለት ነው። ከጧት ጀምሮ የሚካኤል ቅጥር ግቢ በነጭ ተሞላ። ወንዶቹ በቀኝ፣ ሴቶቹ በግራ፤ ጫማ በየአጥሩ ሥር። ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የስቅለቱ ሥዕል ወጥቶ ተሰቅሏል። «ኪርያላይሶን» ሲባል ሁሉም ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይወድቃል። አቧራው ከነጠላው ጋር ይነሳል። ምላስ ደርቋል፤ ማንም ውሃ አልቀመሰም።

አወቀ ከወንዶቹ መሐል ሆኖ በየመሐሉ ዓይኑን ወደ አይናለም ይወረውራል፤ እንደ እረኛ። እሷም አየሁህ ለማለት ያህል ታፈጥበታለች።

ደብሪቱ ስትሰግድ ዝም ብላ አትሰግድም። ሥራ እንደምትሠራ ሴት ትናገራለች። ግንባሯ መሬት ሲነካ፣

«ለይርዳው» ትላለች፤ «ጤናውን አትንሳብኝ።»

ትነሳለች፤ ትወድቃለች።

«ለይርዳው። ክፉ ሰው መንገድ ላይ አትጣልበት።»

አይናለም ጥርሷን ነከሰች። ማክሰኞ ይነገራታል፤ አራት ቀን ብቻ ነው የቀረው፤ ዝም በይ አንች አፍሽን የማትይዢ፤ እያለች ራሷን ትገሥጻለች። ይህችን ትችላታለች። ቀጣይዋንም ትችላታለች።

«ለይርዳው» አለች ደብሪቱ ግንባሯን አፈሩ ላይ አድርጋ፤ «ያን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑን ጠብቅለት።»

«እማ» አለች አይናለም። ማለቷን ያወቀችው ካለች በኋላ ነው። «እማ፣ ተይ። ለፍሬኑ አትስገጅ።»

ሴቶቹ ተነሱ። ደብሪቱ አልተነሳችም። ሴቶቹ ወደቁ፤ ደግመው ተነሱ። ደብሪቱ ግንባሯ መሬት ላይ እንደተተከለ ነው። አይናለም ከአጠገቧ ተንበርክካ ጀርባዋን ያዘች። ጀርባዋ አይንቀጠቀጥም። ድንጋይ ነው።

«መች?» አለች ደብሪቱ ከመሬቱ ሳትነሳ።

«ሰኞ።»

«ሰኞ እኔ ጋቢውን አጠብሁ።» አፈሩን በጣቷ ጨበጠች። «የት ነው ያለው?»

«ደጀን። መኪናው ገደል ገብቶ ተቃጠለ፤ ጋሼ አወቀ ቀብሮታል።»

«ፍትሐትስ?»

«በሕማማት... ታውቂው የለ እማ።»

ታውቀዋለች። በዚያ ሳምንት ለሞተ ፍትሐት አይደረግለትም። ስለዚህ ሆሣዕና ለት፣ ከቅዳሴው በኋላ፣ በሕማማት ለሚሞት ሁሉ ተብሎ ፍትሐቱ ለቆመው ሕዝብ በሙሉ አስቀድሞ ይደገማል። ሰው በቁሙ ይፈታል። ቅዳሴ ዓመቱን ሙሉ የሚያስታጉል ጎረምሳ እንኳ ያን ለት የማይቀረው ለዚህ ነው።

ደብሪቱ ራሷን በትንሹ ቀና አድርጋ በጎን አየቻት። ግንባሯ ላይ አፈር ተለጥፏል።

«ሆሣዕና ለት አስቀድሷል?» አለች። «እሷን ብቻ ንገሪኝ። አስቀድሷል ወይ?»

«አዎ» ማለት አንድ ቃል ነው። ማን ይመረምራል? የሞተ ሰው አይመሰክር። ሽማግሌዎቹ ሳምንቱን ሙሉ ዋሽተው ማታ ማታ አንቀላፍተዋል፤ እሷስ ሮብና ሐሙስ ስትዋሽ አልዋለችም? ነገር ግን ያንን ድምፅ ሰምታዋለች። ሆሣዕና ለት ይርዳው ደጀን ሆኖ ደውሎላት ነበር። ከኋላው የመኪና ጥሩንባ ይጮሃል። «አይኔ፣ ዘንባባውንስ መስታወቱ ላይ አስሬያለሁ» ብሎ ሳቀ፤ «ቅዳሴው ግን ጭነት ስጠብቅ አመለጠኝ። ለእማ እንዳትነግሪብኝ፤ ለፋሲካ ስመጣ እክሳታለሁ።» ይኼን ሁሉ በሆዷ ይዛ፣ የእናቷን ዓይን አየች። ያ ዓይን ውሸት ይለምን ነበር። ደግሞም ውሸቱን ከሰጡት ይቅር የማይል ዓይን ነው።

«አላስቀደሰም እማ። ጭነት ሲጠብቅ አመለጠው።»

እውነት መናገር እንዲህ እንደሚመር አታውቅም ነበር። ስታልመው የኖረችው እውነት ራስን ቀና የሚያደርግ ነበር። ይህኛው ጭካኔ መሰላት።

ደብሪቱ ተነሳች። አልጮኸችም፤ ፊቷን አልነጨችም። በሰገዱት ሴቶች መሐል እየተራመደች ወደ ስቅለቱ ሥዕል ሄደች፤ ሴቶቹ ከተደፉበት ነጠላቸውን እየሰበሰቡ አሳለፏት። ከሥዕሉ ሥር ቆማ ቀና አለች። ድምፅዋ ከጎረቤት ጋር የድንበር ነገር እንደምትነጋገር ሴት ያለ ነበር፤ ግን ግቢው ሁሉ ሰማው።

«አንተ ስትሞት እናትህ ከሥርህ ቆማ ነበር» አለች። «አይታሃለች። ጠማኝ ስትል ሰምታሃለች። ስትለያት እንኳ የሚጦራት ሰው ሰጥተሃታል። እኔን ማን ጠራኝ? ልጄ ሲነድ እኔ ጋቢውን እያጠብሁ ነበር። ሰኞ ሰገድሁልህ፤ ማክሰኞ ሰገድሁልህ፤ ዛሬ ይኸው ጉልበቴ ደምቷል። ለማን ነው የሰገድሁት? ጠብቀው እያልሁ የለመንሁህ እኮ አፈር የገባ ልጅ ነው! ያን ሁሉ ስግደቴን የት አደረግኸው? አወቀ ያውቅ ነበር። ማሬ ታውቅ ነበር። አንተም ታውቅ ነበር። ከነሱ ጋር ዶልተህ ደበቅኸኝ።»

ዝማሬው ተቋረጠ። አንድ ዲያቆን መጽሐፉን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ። አወቀ ከወንዶቹ በኩል እየተጋፋ መጣ።

«ማን ነገራት?» አለ ዓይኑን አይናለም ላይ ተክሎ። «አንች ነሽ! አንድ ሳምንት አፍሽን መያዝ አቃተሽ? እናትሽን ልትገያት ነው?»

«ተዋት» አለች ደብሪቱ ሳትዞር። «ልጄ ከሞተ ወዲህ ስትዘገይ የሰነበትህ ሰው፣ ዛሬ ምን አስቸኮለህ?»

«እህቴ፣ ለደኅንነትሽ ብለን ነው። ፋሲካን እንድትፈስኪ...»

«ምን አድርጌ? እልል ብዬ? አንተ ልጄን ቀብረህ ተመልሰህ፣ እኔ ፊትህ እልል እንድል ነበር? ከዚያ ማክሰኞ ልትመጣ?» ዞር አለችና አየችው። አወቀ ሊይዛት ክንዱን ሲዘረጋ ጋቢው ተንሸራተተ። ያን ጊዜ አይናለም እስካሁን ያላየችውን አየች፤ የአጎቷ ሁለቱም እጆች ተቃጥለው ተጠቅልለዋል። የቀረውን ካልበረደው ብረት ውስጥ የለቀመው በእጁ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጋቢው ሥር ደብቋቸው ነበር።

ደብሪቱም አየች። ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ከሴቶቹ ጋር መውደቅና መነሳት ጀመረች። ዝማሬውም ቀጠለ። አሁን ግን «ለይርዳው» አትልም። አፏን ዘግታ ትሰግዳለች፤ ግንባሯ መሬቱን ሲነካ ድም ይላል። ለማን እንደምትሰግድ፣ ለምን እንደምትሰግድ አይናለም አላወቀችም። እሷም ራሷ የምታውቅ አትመስልም። ብቻ አልተወችም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስግደቱ አበቃና የጥብጠባው ሰዓት ደረሰ። ካህናቱ የወይራ ቅርንጫፍ ይዘው ቆሙ። ሕዝቡ በተራ እየቀረበ፣ ጎንበስ ብሎ ኃጢአቱን ይናገራል፤ ካህኑ ጀርባውን በወይራው ቸብ ቸብ አድርጎ የሚሰግደውን ያዝዘዋል። አይናለም ከልጅነቷ ወዲህ በዚህ ሰልፍ ቆማ አታውቅም። ጀርባዬን ለማንም ቄስ አልሰጥም ትል ነበር፤ ብላም ማርቆስ ላይ ተሳስቃበታለች። ዛሬ እናቷን ደግፋ ስለቆመች ብቻ ሰልፉ ውስጥ ገባች።

ቄስ ወልደ ሩፋኤል ደብሪቱን ሲያይ ወይራው እጁ ላይ ዝቅ አለ።

«አባ» አለችው፤ «ትናንት እግሬን ሲያጥቡኝ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለዚያ ነዋ ያቀረቀሩ።»

እሷ ጎንበስ አለች። የተናገረችውን እሱ ብቻ ሰማ። ጀርባዋን በወይራው ነካ ነካ አደረገና ስግደቷን አዘዘላት። ደብሪቱ ግን ቀና አላለችም።

«ይኼ የኔ ነው» አለች እንዳጎነበሰች። «አሁን የልጄን ይምቱኝ።»

«ምን አልሽ?»

«የይርዳውን። ኃጢአቱን የማውቀውን ያህል እናገርለታለሁ። በኔ ጀርባ ይምቱት።»

«ደብሪቱ፣ ይኼ ሥርዓት የለውም።»

«ሥርዓቱ ሆሣዕና ለት አመለጠው፤ ቀብሩ ላይም አልደረሰለትም። ሦስተኛ አያምልጠው አባ።»

ቄስ ወልደ ሩፋኤል አንዴ ወደ ሥዕሉ፣ አንዴ ወደ ወይራው አየ። የሚመክረው መጽሐፍ የፈለገ ይመስል ነበር። ማንም አልመከረው።

«ስመ ክርስትናው?» አለ በመጨረሻ።

«ገብረ ሚካኤል።»

ደብሪቱ ለልጇ ተናዘዘች። ቁጡ ነበር፤ ይሰድብ ነበር፤ ማርቆስ አንዲትን ልጅ አታሏል፤ ጾም ይበላ ነበር መንገድ ላይ። «ጭነት ስጠብቅ አመለጠኝ ብሏል» ብላ ጨመረች፤ «እሱን አላውቅም። እሱን አንተ ራስህ ፍረደው።» ቄሱ ለማን እንደተናገረች አልጠየቀም። ወይራውን አነሳ። ሲያወርደው ቅጠሉ ረገፈ።

«ገብረ ሚካኤል» አለና እንደ እሷው ስግደቱን ቆጥሮ አዘዘለት።

«ይፍታህ ይበሉት።»

«ሕማማቱ ሳያልፍ አልልም። ለማንም አልልም።»

«መች ይሉታል?»

«እሑድ።»

«እሑድ እኔ መስማት ባልችልስ?»

«እኔ እላለሁ» አለ ቄስ ወልደ ሩፋኤል። «አንች ስትችይ ትሰሚዋለሽ። ባትችይም እላለሁ።»

ቀጥላ አይናለም ናት። ምን እንደምትናገር አላሰናዳችም ነበር። ጎንበስ አለችና «ዋሽቻለሁ» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «እውነትም ተናግሬያለሁ» አለች። ቄሱ ሁለቱንም መታቸው።

ሕዝቡ ወደየቤቱ ተበተነ። ግቢው ውስጥ የቀሩት እናትና ልጅ ናቸው። አወቀ ከበሩ ሥር ቆሞ የእህቱን የላስቲክ ጫማ በተጠቀለሉ እጆቹ ይዟል፤ ና አላሉትም፣ ሂድም አላሉትም።

ደብሪቱ የራሷን ስግደት ጨረሰች። የይርዳውን ጀምራ ጥቂት እንደሄደች መነሳት አቃታት። ተንፏቃ ግንቡን ተደገፈች፤ ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣ። ድምፅ የለውም፤ ዝም ብሎ ይወርዳል።

«አንች ጨርሽለት» አለቻት።

አይናለም ነጠላዋን አደገደገች። ወደቀች፤ ተነሳች። አፈሩ አፏ ውስጥ ገባ። የታጠበው ጋቢ፣ መስታወቱ ላይ የታሰረው ዘንባባ፣ እክሳታለሁ ያለው ድምፅ፣ ሁሉም በየስግደቱ ይመጡባታል። እያለቀሰች ሰገደች።

«ስንት ደረስሽ?» አለች እናቷ ከግንቡ ሥር።

አይናለም ቆመች። አፈሩን ከከንፈሯ ጠረገች።

«ጠፋብኝ እማ።»

ደብሪቱ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች።

«እንግዲያ ከመጀመሪያው ጀምሪዋ!» አለች። «ቆሞ መከራከር በማይችል ልጅ ላይ ልታጎድይበት ነው?»

አይናለም ከመጀመሪያው ጀመረች።